ጎማ ያለው ቤት በልጅ ደጃፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም እኔና ባለቤቴ ከጡረታ በኋላ ሞተርሆም (ውስጡ የሚኖርበት መኪና) ገዝተን ዴንቨር አጠገብ ልጃችን ድራይቭዌይ (ደጃፏ ያለው የመኪና ማቆሚያ) ላይ ሶስት ዊንተር እንዴት እንዳሳለፍን ፅፌ ነበር። ከዛ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ሳልጠቅስ አራቱን እመልሳለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም እኔም ቤት የደረሰ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን ከረምሽ። እኔ 66 ባለቤቴ 71 ዓመታችን ነው። እሱ ብዙ ዘመን ትራክ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ 28 ጫማ የሆነች ያገለገለች ክላስ ሲ የሚሏት (መካከለኛ) ሞተርሆም ገዛን። ወንዱ ልጃችን ዳላስ ነው፣ ሴቷ እዛው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ። አሁን ሴቷ ጋ ነን፣ ሁለተኛ ልጇን ተገላግላ እያረስኳት ነው። ቤቷ ሁለት መኝታ ስለሆነ እኛ ደጃፏ ላይ በገዛ ቤታችን ደስ ብሎን እናድራለን። ግን ቤተክርስቲያን ላይ «እናት አባቷን ውጪ መኪና ውስጥ ታሳድራለች» ተባለና ሰምታ አለቀሰች፣ አሁን ካልገባችሁ ብላ ሳሎን ሶፋ እያነጠፈች ነው። እንግባላት ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። የኔም ልጅ በዚሁ ነገር አልቅሳለች፣ ስለዚህ የሚሰማዎትን አውቀዋለሁ። እዛ የሚያወሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይመስለኝም፣ እኛ ዘንድ እናት አባትን ደጅ ማሳደር ነውር ነው፣ ያ ነውር መሆኑ ደግሞ ደግ ነገር ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ችግሩ «ሞተርሆም» ሲባል ሰው የሚታየው የታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፎ የተኛ ሽማግሌ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው መሆኑን ያላየ ሰው ከየት ያውቃል።

እኛ ያደረግነው ይሄ ነው፦ የልጅ ልጃችን ክርስትና ሲነሳ (ወንድ ስለሆነ በ40 ቀኑ ነበር) ቤቱ በሰው ሲሞላ ባለቤቴ ትልልቆቹን ሰዎች አራት አራት እያደረገ ወደኛ ቤት አስገባቸው፣ እኔ ቆሎና ዳቦ ይዤ ተቀበልኳቸው፣ አልጋውን አዩ፣ ሙቀቱን አዩ፣ አንዲት እናት እንደውም ሽንት ቤቱን ከፍታ አይታ «ይሄማ ከኔ አፓርትመንት ይሻላል» አለች። ከዛ ቀን በኋላ ወሬው ጠፋ። እርስዎም ክርስትናው ገና ከሆነ ይሄን እድል እንዳያልፍዎት። በገጠር እኮ ልጅ ጎጆ ሲወጣ እዛው አባቱ ግቢ ጎን ለጎን ነው የሚቀልሰው፣ ግቢው አንድ በሩ ሁለት፣ ማንም ተባረሩ አይልም። የናንተም ከዛ የተለየ አይደለም።

ሶፋው ላይ ግን አይግቡ፣ እለምንዎታለሁ። አራስ ቤት ነው፣ ህፃኑ በየሁለት ሰዓቱ ይነሳል፣ የ71 ዓመት ሰው ሶፋ ላይ ወር ሙሉ ከተኛ ወገቡ አይመለስም፣ አማችዎም በገዛ ሳሎኑ በሌሊት ልብስ መንቀሳቀስ ሊያፍር ነው። ሁላችሁም በሁለት ሳምንት ውስጥ ትደክማላችሁ።

ከሃሜቱ ስር ሌላ ነገር እንዳለ ግን ልጅዎን ብቻዋን ይጠይቋት። የኔዋ ስጠይቃት «ሌሊት አባዬ ቢታመም እኔ አልሰማም» ብላ ነበር የምትጨነቀው፣ ሃሜቱ ምክንያት ሆኗት እንጂ ዋናው አልነበረም። ባለቤቴ ሽቦ የሌለው የበር ደወል ገዛ፣ መጫኛውን የኛ ራስጌ ላይ ለጠፈው፣ የሚጮኸውን እነሱ መኝታ ቤት ሰካው። ቁልፍ ተለዋወጥን። በሶስት ዊንተር አንዴ ብቻ ነው የተጫነችው፣ ግን በዛች አንድ ሌሊት ልጄ በደቂቃ ውስጥ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ሮጣ ደርሳለች።

አማችዎንም በልጅዎ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ያናግሩት፣ መብራቱና ውሃው በሱ ስም ነው የሚቆጠረው። የኛ አማች ብር አልቀበልም ብሎ እንቢ ሲል ባለቤቴ በየወሩ ዳይፐሩንና የህፃኑን ወተት መግዛት ጀመረ፣ ያንን እንቢ ማለት አልቻለም። እራት እነሱ ጋ ነው፣ ቁርስ እኛ ጋ። እኛም ስንገባ እናንኳኳለን እነሱም ሲመጡ ያንኳኳሉ፣ ትልቁ የልጅ ልጃችን ብቻ ነው ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ጠዋት ፒጃማውን እንደለበሰ ጨጨብሳ ፍለጋ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው እትዬ። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ወንድሜ ጓሮ ነው ያለነው፣ ከጋራዡ በኤክስቴንሽን ነው መብራት የምንወስደው። ሂተር እየሰራ ምጣድ ስሰካ በቃ ድርግም ይላል፣ ወንድሜም ብሬከር መመለስ ሰልችቶታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሂሳቡ ቀላል ነው እህቴ። የተለመደው የቤት ሶኬት 15 አምፕ ነው፣ በ120 ቮልት ሲባዛ 1800 ዋት፣ ለረጅም ሰዓት ያለማቋረጥ ስትጠቀሚ ደግሞ ከ1440 ማለፍ የለበትም። ትንሹ ሂተር ብቻውን 1500 ይወስዳል፣ ምጣዱም እንደዛው ነው በግምት፣ ሁለቱ አንድ ላይ በምንም አይሄዱም። ብሬከሩ መውረዱ እየጠበቃችሁ ነው ማለት ነው፣ የሚያስፈራኝ ይልቅ ኤክስቴንሽኑ ነው። ቀጭን ከሆነ እጅሽን አሳርፊበት፣ ከሞቀ ዛሬውኑ አስወግጂው፣ እሳት የሚነሳው ከዛ ነው።

ብዙ የምትቆዩ ከሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ የ30 አምፕ የአርቪ (የሞተርሆም) ሶኬት አስገቡ፣ 3600 ዋት ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ አደራ፦ የአርቪ 30 አምፕ ባለ 120 ቮልት ነው። ከልብስ ማድረቂያ ሶኬት ጋር አምታተው 240 የሚያስገቡ ባለሙያዎች አሉ፣ የምናውቃቸው ባልና ሚስት በዚህ ፍሪጅና ማይክሮዌቭ በአንዴ ተቃጥሎባቸዋል። ከመሰካታችሁ በፊት እናንተ እያያችሁ በቮልት መለኪያ ይለካ።

እንጀራውን ግን ሶኬቱ ቢገባም ውስጥ አትጋግሪ። እንፋሎቱ መውጫ የለውም፣ በብርድ ግድግዳውና መስኮቱ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ከጣውላው ጀርባ ይሻግታል፣ ስታውቂው ረፍዷል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ኪችን ነው የምጋግረው፣ እሷም እንጀራ መጋገር የተማረችው በዚሁ ነው፣ ለአስራ አምስት ዓመት በስልክ ሳስረዳት ያልገባትን።

ሌላ ነገር፣ ሂተሩን ብቻ አትመኑ። የሞተርሆሙ የፕሮፔን ፈርነስ (በጋዝ የሚሰራው ማሞቂያ) ብዙዎቹ ላይ ከወለል በታች ያሉትን ታንኮችም ያሞቃል፣ እሱን አጥፍታችሁ በኤሌክትሪክ ብቻ ስትሞቁ እናንተ ሞቃችሁ ቧንቧው ይበረዳል። በውርጭ ሌሊት ደግሞ የውሃ ጎማውን ንቀሉት፣ ታንኩን ሞልታችሁ በፓምፑ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ እማማ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ለሶስት ወር ጓሮዬ ያለው ሞተርሆም ውስጥ ናት፣ በጣም ወዳዋለች። በስቶቩ የፈላ ቡና ግን ቡና አይደለም ብላ ትንሽ ከሰል ምድጃ ገዛች፣ መስኮት ከፍቼ አፈላለሁ እጣንም አጨሳለሁ ትላለች። ልከለክላት ከበደኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ይሄን እንዳነበብክ ሄደህ ምድጃውን አውጣው። እናትህን ማስቀየም ከባድ እንደሆነ ይገባኛል ግን ይሄ የሚታለፍ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ የለውም ቀለም የለውም፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ቀርቶም ይወጣል። እናትህ አገር ቤት በከሰል ጭስ ታፍነው ስላደሩ ሰዎች ሰምታ ታውቃለች፣ ያንን አስታውሳት። ሞተርሆም ደግሞ ከዛ ቤት የጠበበ ነው፣ አንድ መስኮት መክፈት አያድንም።

«አትችይም» ብለህ ብቻ አትተዋት፣ ቦታ አዘጋጅላት። አየሩ ደህና ሲሆን ውጪ፣ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ አድርገህ፣ ቄጠማ ባይኖር ሳሩ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ በከሰሏ ታፍላ፣ ጎረቤትም ይጠራ። ሲበርድ በኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ ቡናውን ስትቆላ የጣሪያውን ፋን ከፍታ። ለእጣኑ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ሀበሻ ሱቅ ይሸጣል። ፍሙ ሳይጠፋ ምድጃው ተመልሶ ውስጥ እንዳይገባ፣ በብርድ ቀን «ትንሽ ያሙቀኝ» ተብሎ የሚደረገው እሱ ነው።

ዛሬውኑ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ነቅለህ ጀርባውን እይ። ቀን ተፅፎበታል፣ እንደ ስሪቱ ከ5 እስከ 7 ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው፣ ያገለገለ ሞተርሆም ስትገዛ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልፎ ነው የምታገኘው። እናትህ ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ ካለችህ ጉንፋን ነው ብለህ አትጠብቅ፣ መጀመሪያ ወደ ውጪ አውጣት ከዛ 911 ደውል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሁለት አጭር ጥያቄ። ቆሻሻውን ልጄ ቤት ፍሳሽ ውስጥ መልቀቅ እችላለሁ? ከከተማው ደግሞ ድራይቭዌይ ላይ መኖር አይቻልም የሚል ወረቀት ደረሰን። አውሮራ ነን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቤቱ ክሊን አውት (የፍሳሽ መስመሩ መክፈቻ) ውስጥ የሚለቁ አሉ፣ ግን ከተማውን ሳይጠይቁ አያድርጉት። መንገድ ዳር ያለው ፍርግርግ ውስጥ ግን የሳህን እጣቢም ቢሆን በጭራሽ፣ እሱ ሳይጣራ ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው። ዳምፕ ስቴሽን (የሞተርሆም ቆሻሻ መልቀቂያ ቦታ) አንዳንድ ትራክ ስቶፖችና ስቴት ፓርኮች ላይ አለ። የብላክ ታንኩን (የሽንት ቤቱን) ቫልቭ ከፍተው አይተዉት፣ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ታች ተቆልሎ ይቀራል፣ ሲሞላ ጠብቀው በአንዴ ይልቀቁት ከዛ ግሬዩን (የእጣቢውን ታንክ) ያስከትሉ፣ የፍሳሽ ቱቦውን ያጥብልዎታል።

ወረቀቱን በተመለከተ ይደውሉና ያነጋግሩ፣ ዝም አይበሉ፣ ቅጣቱ በልጅዎ ስም ነው የሚመጣው። ብዙ ከተሞች ማቆም ይፈቅዳሉ ማደር ግን በቀን ይወስናሉ፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር) ካለ ደግሞ የራሱ ህግ አለው። እኛም አንድ ጊዜ ደርሶን ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ገባን፣ እዛው አውሮራ አጠገብ ነው፣ መብራትና ውሃ አለው። የኮሎራዶ ስቴት ፓርኮች በ45 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ አያሳድሩም፣ ስለዚህ ለረጅሙ የግል አርቪ ፓርክ ይፈልጉ፣ ሞተርሆሙ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው ግን አንዳንዶቹ አይቀበሉም፣ ሲደውሉ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። ከልጄ ራቅኩ ብለው አይዘኑ፣ እኛ ፓርኩ የገባን ጊዜ የልጅ ልጆቻችን አርብ ማታ ትራሳቸውን ይዘው መጥተው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር የሚመለሱት።