«ስሙን ወደ አድራሻ ይፈታል» ይባላልን?

ጥያቄ፦ ቤቴ ባለ ኮምፒውተር ላይ ድረ ገጽ አቁሜ፣ ዶሜይኑን (የድረ ገጹን ስም) እንዴት እንዳዘጋጀሁለት ለሌሎች በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ዲኤንኤስ ስሙን ወደ አይፒ አድራሻ ይፈታል» (ዲኤንኤስ የኢንተርኔት የስም መዝገብ፣ አይፒ አድራሻ ደግሞ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር ነው)፣ «ዶሜይኑን ወደ ራውተሩ አመልክት»፣ «ለውጡ እስኪሰራጭ 48 ሰዓት ጠብቅ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ያነበበልኝ ጓደኛዬ «ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ንግግሩ ግን አይደለም» አለኝ። ዶሜይንን «ጎራ» ብል ይስተካከል ይሆን?

መልስ፦ የጓደኛዎ ጆሮ አልተሳሳተም፤ ችግሩ ግን ያለው በስሞቹ ሳይሆን በግሶቹ ላይ ነው።

«ጎራ» በአማርኛ ወገን፣ ተከራካሪ ወይም ተፋላሚ የሚሰለፍበት ረድፍ ነው፤ «በሁለት ጎራ ተከፈሉ» እንላለን። አንዳንድ የተተረጎሙ ሶፍትዌሮች ለዶሜይን ቢሰጡትም፣ «የጎራ ስም» የሚለውን ያነበበ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ ጠብ ነው። «ዶሜይን»፣ «ሰርቨር» እና «ራውተር» ግን «ዶሜይኑ፣ ዶሜይኖች፣ ለዶሜይኑ» እየተባሉ በአማርኛ ሰዋስው ከገቡ ቆይተዋልና እንደሚነገሩ ይጻፉ።

«ፈታ» ሰፊ ግስ ነው፤ ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልምና እንቆቅልሽም ይፈታሉ። ነገር ግን ሕልምን «ወደ» ምንም አንፈታም። በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ያለው «ወደ» ከባዕድ ግስ (ከእንግሊዝኛው resolve) ጋር ተጣብቆ የመጣ ነው። ከዚህ ይልቅ ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ እንመልከት። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ፣ እያንዳንዱ ተቋም ያንን ፋይል እየቀዳ ይጠቀም ነበር፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. የነደፈው ዲኤንኤስ ግን መዝገቡን ለየዶሜይኑ ባለቤት አከፋፍሎ፣ ፈላጊው የሚያስፈልገውን አድራሻ ብቻ ጠይቆ እንዲያገኝ አደረገ። ስለዚህ ነገሩ ጥያቄና መልስ ነው፤ «ዲኤንኤስ ስሙ የየትኛው አይፒ አድራሻ እንደሆነ ይመልሳል» ቢሉ አማርኛውም ሐሳቡም ይቃናል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የባሰ ነው፤ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። «ቤቱን አመለከተኝ» ስንል ጣት የተቀሰረው በቤቱ ላይ ነው፤ «ን» የሚይዘው የሚታየው ነገር ነው። እንግዲህ «ዶሜይኑን ወደ ራውተሩ አመልክት» የሚለውን አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ዶሜይኑን ለራውተሩ እንዲያሳየው የታዘዘ ይመስለዋል። የሚደረገውን በቀጥታ ይጻፉት፦ «በዶሜይኑ ኤ ሪከርድ ውስጥ የራውተሩን የውጭ አይፒ አድራሻ አስገባ»። ኤ ሪከርድ ዶሜይኑ የየትኛው አይፒ አድራሻ እንደሆነ የሚመዘገብበት መስመር ነው። «የውጭ» የሚለውን ቃል አይዝለሉት፤ 192.168.1.10ን የመሰለ አድራሻ ከቤት ውጭ ላለ ጎብኚ አያገለግልም። የኢንተርኔት አቅራቢው ያንን የውጭ አድራሻ በየጊዜው የሚቀያይረው ከሆነም «አድራሻው ሲለወጥ ፕሮግራሙ ሪከርዱን ያድሳል» ይበሉ። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባለውም ይኸው ነው።

«ወደ» የሚያምርበት ቦታ ግን አለ። «በ80 እና በ443 ፖርት የሚመጣውን ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ አሳልፍ» ቢሉ (ፖርት ጥያቄ የሚገባበት፣ በቁጥር የሚለይ በር ነው) እንከን የለበትም፤ በእርግጥም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር አለና።

«ይሰራጫል» የሚለው በሰዋስው በኩል አይነቀፍም፤ የሚያሳስተው ስለ ሥራው ነው። ወሬ ይሰራጫል፣ በሽታ ይሰራጫል፤ ሁለቱም ከምንጫቸው ተነሥተው ሌላው ዘንድ ይደርሳሉ። የዲኤንኤስ ለውጥ ግን ቀድመው ለጠየቁት አይላክም። ቀደም ሲል ጠይቀው መልስ የያዙ ሰርቨሮች፣ በመልሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ እስኪያልቅ የድሮውን ይዘው ይቆያሉ። ዕድሜው 3600 ሰከንድ ከሆነ መጠበቁ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከለውጡ አስቀድሞ፣ የድሮው ዕድሜ እስኪያልፍ ያህል ቀደም ብሎ፣ ወደ 300 ዝቅ ያደረገ ሰው አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 48 ሰዓት የሚባለውም ከሰማይ አልወረደም፤ ለምሳሌ በ«ዶት ኮም» ሥር ያሉ ዶሜይኖች የትኛው ሰርቨር እንደሚመልስላቸው የሚናገረው መረጃ ዕድሜው 172,800 ሰከንድ ነው። የሚመልሰውን ሰርቨር ሳይሆን ኤ ሪከርዱን ብቻ የለወጠ ሰው ሁለት ቀን መጠበቅ የለበትም። «የድሮው መልስ ዕድሜው እስኪያልቅ ጠብቅ» ብለው ቢጽፉ፣ አንባቢዎ የሚጠብቀውንም፣ መጠበቁን እንዴት እንደሚያሳጥርም ከዚያው ዓረፍተ ነገር ይረዳል።