ወጊው በሬ የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይባርኩኝ። ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍልዎት። የ15 ዓመት ልጄ ደብረ ማርቆስ አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ትታለች፤ ሌሊት ግን ስልኳ ላይ ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚሉት) ጋር ስትጻጻፍ ታነጋለች። ለፋሲካ ስትመጣ ስልኳን አየሁት። «ሁሉም ነገር ሰልችቶኛል» ብላዋለች። እሱም «የምረዳሽ እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አትንገሪ» ይላታል። ሰይጣን ነው የሚሉኝ አሉ። ጠበል ልውሰዳት? ክፉ ነገር ቢደርስባትስ ኃጢአቱ የማን ነው? የኔ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ከኋለኛው ልጀምር፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳሽ።

ዘጸአት 21 ላይ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው ይላል። በሬው ድሮም ወጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ባለቤቱ ይጠየቃል። ይሄን ለጎጃም ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ ወጊ በሬውን በገበያ ቀን የሚለቅ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።

ኤአዩ በሬው ነው። ነፍስ የለውም፣ ንስሐ አይገባም። ሰይጣን ነው የሚለው ግን አይዋጥልኝም፣ እንደዚያ ካልን የሠራው ሰው እንደ ጲላጦስ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ፣ ሰው የሠራው ነገር ነው። የሚያናግረውን ማስደሰትም ይቀናዋል።

ባለቤቱ፣ ማለትም የሠራው ድርጅት፣ ተነግሮታል ወይ? ተነግሮታል እንጂ! ፍሎሪዳ ውስጥ ካራክተር ኤአይ በሚባል፣ ኤአይ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚያወራበት መተግበሪያ ላይ ካለ ገጸ ባሕርይ ጋር ለወራት ሲያወራ የቆየ የ14 ዓመት ልጅ የካቲት 2016 ዓ.ም. ሕይወቱን አጠፋ፤ እናቱ ጥቅምት 2017 ድርጅቱን ከሰሰች። ካሊፎርኒያ ውስጥም የ16 ዓመት ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ነሐሴ 2017 ቻትጂፒቲ የሚባለው ኤአይ ባለቤት የሆነውን ኦፕንኤአይን ከሰሱ። ድርጅቱ በዚያው ሰሞን ከኤአዩ ጋር የሚወራው ሲረዝም የተበጀለት ጥበቃ ሊላላ እንደሚችል ራሱ ጽፏል። ልጆቻችን የሚያወሩት ደግሞ ረጅሙን ነው። ጥቅምት 2018 ካራክተር ኤአይ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ከገጸ ባሕርያቱ ጋር እንደልብ ማውራቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያው ወር የጸደቀው የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ጓደኛ ሆኖ የሚያወራ ቻትቦት፣ የሚያናግረው ልጅ መሆኑ ከታወቀ ቢያንስ በየ3 ሰዓቱ ሰው አለመሆኑን እንዲያስታውስ ያዛል። ከዚህ ወዲያ «አላወቅንም» የሚል ባለበሬ አልሰማም።

አንቺ በሬውን አላሳደግሽም። ሳታውቂ ባለፈው ራስሽን አትክሰሺ። አሁን ግን አይተሻል፣ ስለዚህ አንቺም፣ አክስቷም፣ የንስሐ አባቷም አላችሁበት። እኛ መምህራንማ በተለይ! ልጅ «መኖር ሰለቸኝ» ስትል ቶሎ ተግሣጽ ይቀናናል፤ እሷም ሄዳ ለማይቆጣት ነገር ትነግረዋለች።

በእሷ ዕድሜ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ክረምት ነው፣ ጎጆው ያፈሳል፣ ከቤት መርዶ መጥቶልኛል። አጠገቤ ለተኛው ጓደኛዬ በጨለማ «ባልነጋ ደስ ይለኛል» አልኩት፣ ለማንም እንዳይናገርም አስማልኩት። ሲነጋ ሄዶ ለየኔታ ነገረብኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኩትም። የኔታ ግን አልተቆጡኝም፤ ጋቢያቸውን አልብሰው እሳት ዳር አስቀመጡኝና ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስልኩ ሲነጋ ተነሥቶ ለየኔታ የሚናገር እግር የለውም። «ለማንም አትንገሪ» የሚለው ቃል ያስደነገጠኝም ለዚህ ነው።

ጠበሉን ውሰጃት፣ መልካም ነው። ከሐኪም ጋር ግን አያጣላም፣ ሁለቱንም አድርጊ። በስልክ አትጨርሺው፣ በዚህ ሳምንት ራስሽ ማርቆስ ሂጂ። ስልኩን በመንጠቅ አትጀምሪ። መልእክቱን ማየትሽን ንገሪያትና ይቅርታ ጠይቂያት። ከዚያ ሳትፈሪ «መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በያት፤ ስለጠየቅሻት ሐሳቡ አይመጣባትም። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይዘሻት ሂጂ። ማታ ማታ ስልኩ አክስቷ ክፍል ይደር።

አባቷንም አንሡት። ስሙን ጠርታ የምታለቅስበት ሰው አላገኘች ይሆናል።