ከ60 ዓመት በኋላ ወዳጅ ማፍራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ 63 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን በአዲስ አበባ በሥራ አሳልፌ፣ ጡረታ ስወጣና ባለቤቴ ሲያርፍ ወደ ተወለድኩባት ደሴ ተመለስኩ። የልጅነት ጓደኞቼ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ካሉት አንዷ ጋር በልጆቻችን ጋብቻ ምክንያት ከተኳረፍን ዓመታት አልፈዋል። ከቅዳሴ መልስ ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ። በዚህ ዕድሜ ወዳጅ ፍለጋ መዞር ያሳፍረኛል። «እግዚአብሔር ይበቃኛል» ብዬ ብኖር አይሻልም? ደግሞ ዘወትር የምትጠይቀኝ ሙስሊም ጎረቤቴ ናት፤ ቡናዋን መጠጣትሽ ነውር ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን፣ እናታችን። የባለቤትዎን ነፍስ ይማርልን።

«እግዚአብሔር ይበቃኛል» ባሕታዊ ሲለው ጸሎት ነው። በሰው የተከፋ ሰው በሩን ዘግቶ ሲለው ግን ኩርፊያ ሊሆን ይችላል። መነኮሳት እንኳ ብዙዎቹ የሚኖሩት በማኅበር ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው አብረው እየጸለዩና እየተማሩ እንዲኖሩ አድርገዋል። እርስዎ ደግሞ አልመነኮሱም።

ስለ ኀፍረቱ፣ ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 4ን ቀስ ብለው ያንብቡት። ጳውሎስ እስር ላይ ነው፤ ሞቱ እንደ ቀረበም ያውቃል። ያን ሁሉ ሀገር ዞሮ ያስተማረ ሰው፣ ዴማስ ትቶኝ ሄደ፣ ከእኔ ጋር ያለው ሉቃስ ብቻ ነው፣ ቶሎ ና እያለ ይጽፋል። በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለትም ይጠይቃል። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው በርኖስ ለሽማግሌ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀጥሎም «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» ይለዋል። «ናልኝ» ማለት ጳውሎስን ካላሳፈረው እርስዎን የሚያሳፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚያው ምዕራፍ ማርቆስን ይዘኸው ና የሚል ቃል አለ። ይህ ማርቆስ ቀድሞ በጵንፍልያ ተለይቷቸው የሄደው ነው፤ ጳውሎስና በርናባስ በእርሱ ምክንያት ተከራክረው እስከ መለያየት ደርሰዋል (ሐዋ. 15)። ጳውሎስ በእርጅናው ያን የድሮ ነገር አላነሣም፤ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብቻ አለ። እርስዎም ለጓደኛዎ ሰው ሲልኩ ስለ ጋብቻው አይጀምሩ። እርሷ የምትችለውን አንድ ነገር ይለምኗት፤ ልጅ ሆናችሁ ታውቀው የነበረ ሙያ አይጠፋም። እምቢ ብትል እንኳ በእርስዎ በኩል ያለውን ፈጽመዋል፤ ሐዋርያውም ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ነው ያለው (ሮሜ 12)።

አዲስ ወዳጅን በተመለከተ፣ ከቅዳሴ በኋላ «እንዴት ሰነበታችሁ» ተባብሎ መለያየት ብቻውን ወዳጅ አያፈራም። የጽዋ ማኅበር ይግቡ። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ከሚያውቁት ማኅበር ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) ጋር ያገናኙዎታል። ተራዎ ደርሶ ጽዋው ቤትዎ ሲገባ ደግሞ ድግሱን ብቻዎን አይወጡት፤ በተከፋይም አያስጨርሱት። ከአባላቱ አንዷን «ነይ፣ ጠላውን አብረን እንጥመቅ» ይበሏት። ሁለት ሴቶች ጌሾ እየወቀጡ ከሰዓት በኋላውን ሲያሳልፉ፣ የአንዷ ወገብ ያማታል፣ የሌላዋ ልጅ አልደወለላትም፣ ሁሉም ይወራል። የዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ ያን አያህልም። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል ሲሄዱም ከማኅበሩ ጋር ይሳፈሩ።

አይቸኩሉ እንጂ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 9 አዲስ ወዳጅን በአዲስ ወይን ይመስለዋል፤ ሲቆይ ነው ደስ ብሎ የሚጠጣው። በመጀመሪያው ወር የቤትዎን ምሥጢር ሁሉ አያውጡ። ሌላ ሰው የምታማልዎት ሴት ካጋጠመችዎት ደግሞ፣ እርስዎንም ሌላ ቦታ ታማለች።

ስለ ሙስሊም ጎረቤትዎ፣ «ነውር ነው» ያሉዎት ሰዎች ወሎን የረሱ ይመስለኛል። በሠርጋችን ሥጋው ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ያ ሥርዓት ነው፣ ይጠበቃል። ልቅሶው ግን አንድ ነው፤ ቡናውም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ለዛር ተብሎ የሚፈላውን ቡና ነው፤ ያ ከክርስቲያን ቤትም ቢቀርብ አይጠጣም። ጎረቤትዎ ለጎረቤትነት ብላ ያፈላችውን አቦልና ቶና ግን ጠጥተው ይመርቋት። ጌታችን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለተባለው ጥያቄ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ሳምራዊውን እንጂ የሰውየውን ወገን አይደለም (ሉቃ. 10)።

በዐቢይ ጾም ጠዋት ከጠራችዎት ሰበብ አይፍጠሩ። «እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ» ይበሏት፤ እርሷም በረመዳን የምትጾም ናትና ቅር አይላትም፣ ቡናውን ወደ ማታ ታደርገዋለች። እስካሁን የጠራችዎት እርሷ ናት፤ የሚቀጥለው በእርስዎ ቤት ይፈላ።