«ገበሬው መሬቱን ሸጦ ይጨርሰዋል» ለሚሉን፦ ስለ ፓርቲያችን የመሬት ፖሊሲ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን በተደረገ የፓርቲዎች ክርክር ላይ የተፎካካሪያችን ተወካይ የመሬት ፖሊሲያችንን አንሥተው ሦስት ነገር ተናገሩ። ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት መሬቱን ሸጦ ከተማ ለልመና ይወጣል፤ የባላባት ሥርዓት ይመለሳል፤ ሕገ መንግሥቱም ስለማይፈቅድ የምታወሩት ሕልም ነው አሉ። ትንሽ ፓርቲ በመሆናችን መልስ የምንሰጥበት ሰዓት አልበቃንም። በፓርቲው የፖሊሲ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ አባል ነኝ፤ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቀኝ ብዬ ስለነበር የደረሱኝን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን። መሬት ይሸጥ ነው የምትሉት?

መልስ፦ መሬት ባለቤት ይኑረው ነው የምንለው። ባለቤት የሆነ ሰው መሸጥም፣ አለመሸጥም፣ ለልጁ ማውረስም፣ አስይዞ መበደርም ይችላል። አሁን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እኛ ሦስት ዓይነት ባለቤትነት ጎን ለጎን ይኑር እንላለን፦ የግል፣ የወል እና የመንግሥት። ገበሬው ዛሬ በእጁ ያለው ማሳ ያለ ክፍያ በስሙ ይዛወርለታል። ከተዛወረለት በኋላ ግን ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። መኖሪያ ቤቱ ያረፈበት ግቢ ደግሞ መቼም ቢሆን በዕዳ አይያዝም።

ጥያቄ፦ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ድርቅ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ረኃብ ሲመጣ ገበሬው መሬቱን በእፍኝ እህል አይሰጥም ትላለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ይኸኛው ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ልጅ ታሞበት፣ በሬው ሞቶበት፣ ዝናብ ቀርቶበት ያለውን ሁሉ የሸጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ዛሬስ እንዲህ ያለ ገበሬ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ በሬውን ይሸጣል። በሬ ከሌለው አያርስምና ማሳውን በእኩል ይሰጣል፤ ወይም ለዓመታት አከራይቶ የኪራዩን ገንዘብ አስቀድሞ ይበላዋል። በከተሞች ዳርቻ ደግሞ መሬት በስጦታና በኪራይ ስም በተጻፈ ውል ሲሸጥ መኖሩን የማያውቅ የለም። ሕጉ ሽያጩን አላስቀረውም፤ ወደ ጨለማ ወሰደው እንጂ። በጨለማ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከዋጋ በታች ይሸጣል፤ ሲታለልም አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

አሁን ወደ መፈናቀሉ ልምጣ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለች አንዲት ቀበሌ ለቅስቀሳ ሄደን አንድ አዛውንት ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አወጡ። ላስቲኩን ቀስ ብለው ፈተው ገለጡልኝ። የእሳቸውና የባለቤታቸው ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ማኅተሙ አለ፤ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ ተጽፈዋል። ከዚያ በጣታቸው ወደ ሜዳው አመለከቱኝ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ቦታ ላይ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ መጋዘን ቆሟል። «ደብተሩ ይኸው፤ መሬቱ ግን የለም» አሉኝ። ካሳውን የተመነው ኮሚቴ አንድም ቀን ስንት ትላለህ ብሎ እንዳልጠየቃቸው ነገሩኝ።

እኚህ ሰው መሬታቸውን አልሸጡም። መሸጥ ክልክል ነውና። ግን ከመሬታቸው ተነቅለዋል። በ2006 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. የተባባሰውን፣ ገበሬውን ያፈናቅላል በተባለው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣውን ተቃውሞ አስታውሱ። የስንት ወጣት ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ የተተወው። ያ ሁሉ ሲሆን መሬት የግል አልነበረም። ተፎካካሪያችን ይመጣል ብሎ የሚያስፈራራን መፈናቀል እሱ በሚጠብቀው ሕግ ሥር የኖርንበት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ደላላና ባለሀብት መንደሩን ጠቅልሎ እንዳይገዛ ምን አበጃችሁ?

መልስ፦ አንድ ሰው ወይም ድርጅት በአንድ ወረዳ ሊይዝ የሚችለው መሬት ጣሪያ ይኖረዋል። ማንኛውም የእርሻ መሬት ሽያጭ በወረዳ ፍርድ ቤት ፊት ተፈጽሞ ለ60 ቀን ሳይጸና ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሻጩ ገንዘቡን መልሶ ውሉን ማፍረስ፣ ዘመድ ወይም አዋሳኝ ገበሬ ደግሞ በዚያው ዋጋ ቀድሞ መግዛት ይችላል። ገበሬው በጭንቅ ሰዓት የፈረመው ነገር በማግሥቱ ሲያስበው እንዳይቆጨው ነው።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን «መሬት ለአራሹ» ብለው የሞቱለትን ልታፈርሱ አይደለም? የባላባቱ ልጆች ናችሁ እየተባለ ነው።

መልስ፦ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ የጠየቁት መሬቱ ለሚያርሰው ሰው እንዲሰጥ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባላባቱንና ጭሰኝነትን አስወገደ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የደቡቡን ገበሬ ምርቱን ለባላባት ከሚያካፍልበት ከሲሶና ከእርቦ አውጥቶታል። የሚነካው ሰው ቢመጣ ከፊት ቆሜ እቃወመዋለሁ። ነገር ግን በዚያው አዋጅ መሬቱ የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ ገበሬው የመጠቀም መብት ብቻ ቀረለት። ባላባቱ በወጣበት ወንበር መንግሥት ተቀመጠ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ የ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ላስታውሳችሁ። ጎጃም ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ጠይቁ፤ ይነግራችኋል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ ሰው «ቢሮክራት» ተብሎ፣ ሌላው ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብሎ ከአንድ ሄክታር በላይ የነበረው መሬት ተቀነሰበት። ያረሰው፣ ያረመው፣ እርከን የሠራበት መሬት በአንድ ስብሰባ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። መሬት የመንግሥት ሲሆን ገበሬው የፖለቲካ ታዛዥ ይሆናል የምንለው እንዲህ ያለውን ስላየን ነው። ነገ ቀበሌው ምን ይለኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ድምፁን በነፃነት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥቱን እንዴት ልትለውጡት ነው? በፓርላማ አንድ ወንበር እንኳን የላችሁም።

መልስ፦ ልክ ነው፤ ቀላል መንገድ የለም፤ የለም ብለን ደግሞ አናታልላችሁም። አንቀጽ 40 ያለው በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በመብቶችና በነፃነቶች ውስጥ ነው። ይህን ምዕራፍ ለማሻሻል በአንቀጽ 105 መሠረት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊስማሙ ይገባል። ዛሬ 12 ክልሎች አሉ፤ አንዱ እምቢ ካለ ይቀራል።

ስለዚህ ሥራችን በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ማሻሻያው እስኪመጣ በተራ አዋጅ የሚሠራው ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በአሥር አባዝቶ ካሳ ይሰጥ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት አሳደገው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቀደለት። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው፤ ተፎካካሪያችን ስላደረገው ብለን አናጣጥልም። የእኛ ጥያቄ አንድ እርምጃ ይቀጥል ነው፦ ካሳው በገበያ ዋጋ ይሁን፤ ገበሬውም ከመነሣቱ በፊት ግምቱን ነፃ ፍርድ ቤት ፊት መከራከር ይቻለው። ሁለተኛው ክልል በክልል ሕዝቡን የማሳመን ሥራ ነው። ረጅም ነው።

ጥያቄ፦ ባል ሰክሮ መሬቱን ቢሸጥስ? እኛ ሴቶች መሬት ይሸጥ ብለን አልጠየቅናችሁም።

መልስ፦ እህቴ፣ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። የባለቤትነት ወረቀቱ በሁለቱም ስም ይሆናል፤ ሚስት በአካል ቀርባ ካልፈረመች ሽያጩ ከመጀመሪያው የለም። ባሏ የሞተባት ሴትም ድርሻዋን የባሏ ወንድሞች ሊነኩባት አይችሉም። በፓርቲያችን ውስጥ ይህን አንቀጽ ያስገቡት የሴቶች ክፍል አባላት ናቸው፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አልነበረም፤ ይህም ጥፋታችን ነበር።

ጥያቄ፦ ቦረና ወይም አፋር ውስጥስ? ከብት በግል ማሳ አይረባም።

መልስ፦ አይረባም። የግጦሽ መሬትና የውኃ ቦታ የወል ሆኖ ይቀጥላል፤ ለገበያ አይወጣም። ልዩነቱ ባለቤቱ የአካባቢው ማኅበረሰብ መሆኑ በሕግ መመዝገቡ ነው፤ ስለዚህ ማኅበረሰቡ ሳይስማማ ለትልቅ እርሻ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው፤ ቢጫ ካርድ አለኝ። የእርሻ መሬት መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አይችሉም። የእርሻ መሬት የሚገዛው በአገር ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተሰጠውን መብት አንነካም፤ ግን በዶላርና በብር መካከል የሚደረግ ውድድር ለገበሬው ልጅ ፍትሐዊ አይደለም። ከገበሬው ጋር በሽርክና ማልማት ለሚፈልጉ በሩ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ ሕዝብ ቢፈልጋችሁ ኖሮ ይመርጣችሁ ነበር። ስለምን ትደክማላችሁ?

መልስ፦ የምርጫ ሥርዓታችንን እንይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ለምሳሌ ከመቶ መራጭ 40 ለአንዱ፣ 35 ለሌላው፣ 25 ለሦስተኛው ቢሰጡ፣ ወንበሩ ለመጀመሪያው ነው፤ የስድሳው ሰው ድምፅ ምክር ቤት አይገባም። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ብቻ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ምንም። በ2013 ዓ.ም. በሰኔው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን ገዥው ፓርቲ ወሰደ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የምርጫ ሥርዓቱ ብቻ ነው አልልም፤ የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበብም፣ የእኛ የተቃዋሚዎች ድክመትም አለ። ግን ሥርዓቱ ጥቂቱን ልዩነት ገደል ያደርገዋል።

በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና ከእሱ ጋር ይደራደሩ የነበሩ ፓርቲዎች ከወንበሩ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር በሚያገኙበት መንገድ፣ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ሥራ ላይ አልዋለም። እኛ ግማሹ ይሁን እንላለን። አንቀጽ 54 ደግሞ ከመሬቱ አንቀጽ ይልቅ ለማሻሻል ይቀላል፦ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ለምን ከሌሎች ጋር አትዋሐዱም?

መልስ፦ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረውን ቅንጅትን አይተናል። በ1997 ዓ.ም. 109 የፓርላማ ወንበር ያገኘ ኃይል ከውስጥም ከውጭም ተመትቶ ተበተነ። በመሬት ጉዳይ ከተስማማን ለአንድ ምርጫ መቀናጀት እንችላለን፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ስምን ብቻ ማዋሐድ ግን አንፈልግም።

ጥያቄ፦ እውነቱን ተናገር፤ ተፎካካሪያችሁ ልክ የሆነበት ነገር የለም?

መልስ፦ አለ። መሬት ስለሌለው ወጣት የጠየቁን ጥያቄ ልክ ነው። የአባቱ ማሳ ከአንድ ሄክታር በታች ሆኖ አምስት ወንድሞች ያሉት ልጅ የባለቤትነት ወረቀት ቢመጣ ምን ያገኛል? ዛሬም የሚያገኘው የለም፤ ይህ ግን ለእኛ መልስ አይሆነንም። በመንግሥት እጅ ካለው ጾም ያደረ መሬት ወጣቶች ቅድሚያ ያግኙ የሚል ሐሳብ አለን፤ ደጋው ላይ ግን እንዲህ ያለ መሬት ጥቂት ነው። በዚህ ላይ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሰው ይጻፍልን።

ጥያቄ፦ እነዚያ ደብተራቸውን ያሳዩህ አዛውንት ሐሳባችሁን ሲሰሙ ምን አሉ?

መልስ፦ ተቆጡኝ። በዚያን ጊዜ ረቂቃችን ገበሬው መሬቱ ከተዛወረለት በኋላ ለአሥር ዓመት እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር። ደብተሩን መልሰው በላስቲኩ እየጠቀለሉ «ያንተ ነው ካልከኝ በኋላ አሥር ዓመት አትንካ ትለኛለህ? እኔ እኮ ሰባ ዓመቴ ነው» አሉኝ። ቃላቸውን ለኮሚቴው ይዤ ሄድኩ፤ ሁለት ስብሰባ ተከራከርንበት፤ አምስት ዓመት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።