ቪዲዮውን አቁሙና ሙዚቃውን ስሙ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሙዚቃን በተቀረጹ ኮርሶች ስለመማር ናቸው።

«ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ኮርስ ጀምሬ ነበር። አስተማሪው ጎበዝ ነው፤ ስጨርስ ግን ምንም አልያዝኩም። ችግሩ ከእኔ ነው?» (አንዲት አንባቢ፣ አራት ኪሎ)

ከአንቺ አይደለም። ኮርሱን እንደ ሬዲዮ እየሰማሽው ይመስለኛል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ከፒያሳ ሜክሲኮ በታክሲ ስመላለስ እንዲሁ ሰማሁ። የአቀናባሪዎቹን ስም ያዝኩ፤ ሙዚቃቸውን ግን አላውቀውም ነበር።

የገባኝ ማቆም ስጀምር ነው። አንድ ቀን አስተማሪው የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ አሰማ። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፦ ታ ታ ታ ታም። ስልኩን አቆምኩና ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ። ከዚያ የሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል ሳላቋርጥ ሰማሁት። ለስለስ ያለው ሁለተኛው ዜማ ሲመጣ፣ ከሥር ወፍራም ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች፣ ቤዞቹ፣ አሁንም ታ ታ ታ ታም ይላሉ! ይህን በራስሽ ጆሮ ስታገኚው አይረሳም። በሳምንት አንድ የኮርሱ ክፍል ይበቃሻል፤ የቀረውን ቀን ሙዚቃውን ራሱን ስሚ።

«ገንዘብ የለኝም። በየትኛው ልጀምር?» (ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ)

ክሬግ ራይት በየል ዩኒቨርሲቲ በሰጠው የሙዚቃ ኮርስ ጀምር። በ2008 እ.ኤ.አ. የተቀረጹ 23 ክፍሎች ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። አሜሪካዊው አቀናባሪና የኦርኬስትራ መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን በ1973 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ የሰጣቸው ስድስት ሌክቸሮች ግሩም ናቸው፤ ግን ከበድ ስለሚሉ ቆይተህ ድረስባቸው።

«ሁሉም ስለ ሜጀርና ማይነር ነው የሚያወሩት። የእኛ ትዝታና አምባሰል የት ገቡ?» (አንድ አንባቢ፣ ካዛንቺስ)

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ፣ ማለትም ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ። ሜጀርና ማይነር የተባሉት የምዕራባውያን ስኬሎች (የድምፅ ቅደም ተከተሎች) ከእነዚህ ሰባት ሰባት ይመርጣሉ፤ የእኛ ቅኝቶች አምስት አምስት። ኪቦርድ ካገኘህ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ምታ። ትዝታ ሜጀር ነው። አሁን ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ (ጥቁሩንም ቆጥረህ በስተግራ ወዳለው ቀጣይ ቁልፍ) ዝቅ አድርግ፤ ትዝታ ማይነር ሆነልህ። ዶን፣ ፋንና ሶልን ይዘህ ሬንና ላን በግማሽ ዝቅ ብታደርግ ደግሞ አምባሰል ነው። እንግዲህ ኮርሱ ስለ ስኬል ሲያወራ ባዶ እጅህን አይደለህም። ከልጅነትህ የሰማኸውን ስም እየሰጠኸው ነው። ብቻ የክራር ክር ሁልጊዜ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ክራሩን «ተሳስቷል» እንዳትል።

ብዙዎቹ ኮርሶች ታሪኩን የሚጀምሩት ከግሪጎሪያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። የቅዱስ ያሬድን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ ስትሰማ ካደግህ እዚያ ምዕራፍ ላይ ቆይ። አትቸኩል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስማቸው።

«ልጄ ፒያኖን ከቪዲዮ ብቻ ብትማር ይበቃል?» (እናት፣ ፒያሳ)

አይበቃም። የእጇ አቀማመጥ ሲበላሽ ቪዲዮው አያያትም። በወር ሁለቴም ቢሆን አጠገቧ የሚቀመጥ አስተማሪ ይፈልጉላት።

«ጡረታ ወጥቻለሁ። ኖታ ማንበብ አልችልም። ረፍዶብኛል?» (አባት፣ አራዳ)

ኧረ አባቴ፣ በጭራሽ! ለማዳመጥ ኖታ አያስፈልግዎትም። አንድ አጭር ሙዚቃ ይምረጡና ሦስት ጊዜ ይስሙት። መጀመሪያ ዜማውን ብቻ ይከተሉ። ቀጥሎ ቤዙን። በሦስተኛው ዓይንዎን ጨፍነው ሁሉንም።