መልስ፦ በፍላግ ፉትቦል ኳስ ያዡ ለምን ተቀጣ?

ጤና ይስጥልኝ። በአዘዞው ሜዳ በተደረገ የፍላግ ፉትቦል (የአሜሪካ ፉትቦል ዓይነት) ጨዋታ ኳስ ይዞ ይሮጥ የነበረው ልጅ እጁን ወደ ወገቡ ሲያወርድ ዳኛው የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ የጣለበትን ምክንያት ጠይቀዋል። በዚህ ጨዋታ ተጋጣሚን ይዞ መጣል ስለተከለከለ፣ ተከላካዩ ሯጩን የሚያስቆመው ከቀበቶው የተንጠለጠለውን ጥብጣብ በመንቀል ነው፤ በመሆኑም ሯጩ በእጁ፣ በክንዱ ወይም በኳሱ ጥብጣቡን ከጋረደ ጥፋት ይሆናል። በራስ ዙሪያ መሽከርከር ግን ይፈቀዳል። የሚሮጥ ሰው እጅ በተፈጥሮው ወገብ አካባቢ ስለሚወዛወዝ፣ በእኔ አስተያየት ለዳኛ ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ዓይኑ ከሯጩ እግር ይልቅ በወገቡና በተከላካዩ እጅ ላይ ማረፍ አለበት።

አንድ ቡድን ኳሱን ይዞ ወደፊት ለመግፋት ስለሚሰጡት ሙከራዎች ብዛት ለጠየቁት፦ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ የሜዳውን አጋማሽ ለማለፍ 4፣ ከዚያም ነጥብ ለማስቆጠር ሌላ 4 ሙከራ ይሰጣል።