«እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ሲሏችሁ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው። አርታኢ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የአያቶቻቸውን ታሪክ ዲጂታል መጽሐፍ ማድረግ የሚፈልጉ ልጆች ረቂቃቸውን ይልኩልኛል። ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ግን እበሳጫለሁ፤ የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ።

ረቂቁን ስከፍተው ባለታሪኩ የሉበትም። ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች፣ ጡረታ። ለሥራ ማመልከቻ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። «ታታሪና ደግ ሰው ናቸው» ይላል። አያቱን ክፉ ናቸው ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? ሲናደዱ ምን እንደሚሉ፣ የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ምን እንዳደረጉበት፣ ማንን እንደተቀየሙ አንድ መስመር አይገኝም።

ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» የተባለ ሰው ወይ «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ብሎ ይዘጋችኋል፣ ወይ ምክር ይጀምራል። ምክር ደግሞ ከማንም አፍ ቢወጣ ያው ነው። (ይህን የምለው ራሴ ምክር እየጻፍኩ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።)

ትንሽ ነገር ጠይቁ። ያደጉበትን ቤት ከበሩ ጀምረው በቃል ያስጎበኟችሁ። ማን የት ይተኛ ነበር? ማታ መብራቱን የሚያጠፋው ማን ነበር? አንዲት ልጅ በላከችልኝ የድምፅ ቅጂ ላይ አያትየዋ «ኧረ ተይኝ፣ ምን አለኝ ብለሽ ነው» እያሉ ያስቸግሯታል። ልጅቷ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ስለ መብራቱ ጠየቀች። «አባቴ ነዋ» አሉ። «ጋዝ አለቀ እያለ። እኔን ትምህርት ቤት አልላኩኝም፤ የወንድሜን ደብተር ተደብቄ የምገለብጠው ግን በዚያ ኩራዝ ነበር። ሲጠፋብኝ በጣቴ ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ።» ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው!

ከየት እንደምትጀምሩ ካልታወቃችሁ ከልጅነታቸውና ከወጣትነታቸው ጀምሩ። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ያለፈ ሕይወቱን አስታውስ ሲባል፣ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ድረስ የሆኑት ነገሮች በብዛት ይመጡለታል። ደግሞ በአንድ ቁጭታ ልጨርስ አትበሉ። ስቶሪኮርፕስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት እያስቀመጠ ወጋቸውን ይቀዳል፤ የሚሰጣቸው ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ለአዛውንት ይህ በቂ ነው። ሲደክማቸው ስለማይነግሯችሁ እናንተ ልብ በሉ።

ሽማግሌ ያለፈውን ሲደጋግም «ጃጀ» የሚል አይጠፋም። ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አልተቀበለም። የሞቱ ነገር የታሰበው ሰው ኖሮ ያለፈውን መለስ ብሎ መመርመሩ ተፈጥሯዊ ነው አለ። ይህንንም አልደበቀም፦ ምልሰቱ ለአንዱ እረፍት ሲሰጥ፣ ለሌላው ጸጸትና ድባቴ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መሃል ላይ ዝም ካሉ አትጎትጉቷቸው። ስልኩን አጥፉትና ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ሁሉም ነገር መጽሐፍ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የተቀዳውን ስትጽፉ አታሳምሩት። ልኩል ብሎ ዓይን ማጥፋት የሚባለው እዚህ ጋ ይመጣል። በተለይ አሁን አሁን ጽሑፉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ «አስተካክልልኝ» ማለት ቀሏል። ያስተካክልላችኋል። «ጋዝ አለቀ እያለ» የሚለው ወጥቶ «በወቅቱ በነበረው የነዳጅ እጥረት ምክንያት» የሚል ይገባል። ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ሴትየዋ ግን ሄደዋል። ድግግሞሽ ቀንሱ፣ ነጥብ አስገቡ፣ አበቃ። ዓመተ ምሕረት ከተምታታባቸውም ንግግራቸውን አትንኩ፤ ትክክለኛውን ከግርጌ በራሳችሁ ስም ጻፉ። ኦሪጅናል ቅጂውንም እንዳታጠፉ። ፋይሉ ከበደን ብላችሁ የምታጠፉት ድምፅ ተመልሶ አይገኝም። ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ያው ስልክ ላይ ከሆኑ ግን ሁለት ቦታ አይባልም።

ቴክኒኩን በአጭሩ። ብዙዎቻችሁ ፒዲኤፍ ትልኩልኛላችሁ። ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ያቆየዋል፤ ለማተም ጥሩ ነው፣ በስልክ ለማንበብ ግን ፊደሉን ሲያሰፉት ግማሹ መስመር ከስክሪኑ ይወጣል። ኢፐብ የሚባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ግን እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያደላድላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኢፐብ 3 ደግሞ ድምፅን ከጽሑፉ ጋር ያስኬዳል፤ እሳቸው ሲያወሩ የሚሉት ዓረፍተ ነገር እየደመቀ ይሄዳል። ሁሉም የማንበቢያ መተግበሪያ አይችለውም፤ ሞክሩት። ፊደሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚግባቡበት የፊደል ኮድ ይጻፍ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተለያዩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የጻፍናቸው ብዙ ፋይሎች ዛሬ ሲከፈቱ የምልክት ክምር ናቸው።

ከቴክኒኩ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ታሪኩ የሳቸው ነው። እሺ ልጄ ጻፊው ያሉት ለቤተሰብ መስሏቸው ሊሆን ይችላል። እናንተ ደግሞ በቴሌግራም ትለቁታላችሁ። አንዴ ከተለቀቀ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ማን እንደሚያነበው በግልጽ ንገሯቸው፤ «ማንም፣ የማናውቀው ሰው ጭምር» በሏቸው። የሳቸው ፈቃድ ብቻም አይበቃም። በታሪካቸው ውስጥ የቀድሞ ባል አለ፣ የተጣሉት እህት አለች፣ የእህትየዋ ልጆች አሉ። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ የምመክረው ሁለት እትም ነው፤ አንዱ ሙሉው፣ ለቤተሰብ፤ አንዱ ስም የተቀየረበትና አንዳንድ ነገር የወጣለት፣ ለሌላው። ምን እንደሚወጣ የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። የምትወዱት ምዕራፍ ቢሆን እንኳ።

የመጀመሪያ አንባቢያችሁም እሳቸው ይሁኑ። ፊደሉን አተልቁላቸው፣ ካልሆነም አንብቡላቸው። «ይሄን እኔ አላልኩም» ይሏችኋል፤ ቅጂው ላይ ቢኖርም አትከራከሩ። ከዚያ ደግሞ «አንድ የረሳሁት አለ» ይላሉ። የወረቀት መጽሐፍ ቢሆን እስከሚቀጥለው ኅትመት ይጠበቃል፤ የእናንተ ማታውኑ ይገባል። ብቻ በታረመ ቁጥር ቀኑን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። አለዚያ ዘመድ ሁሉ በየስልኩ የተለያየ ፋይል ይዞ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።